ኮት መስቀያውን ይዘን ወደ ሀብሩ

ስለ ወልድያ መንገድ ከማውራቴ በፊት ስለ ኮቶቹ ልናገር። ናዝሬት ውስጥ ሙሽራ ካልሆነ ወይም ፍርድ ቤት ካልተጠራ በቀር ኮት የሚለብስ ሰው የለም፤ ሙቀቱ አይፈቅድም። እኛ ግን ለቴአትራችን ብዙ ኮት ያስፈልገን ነበር። ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከሰልባጅ ተራ ለቃቅመን አንድ ማዳበሪያ ሞላን።

ቴአትሩ እንዲህ ነው። አንድ ሽማግሌ ሳሎን ጥግ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። ልጆቻቸው፣ ማለትም ሴቷ እኔና ወንዱ ሚኪያስ፣ ከውጭ በገባን ቁጥር ኮታችንን እሳቸው ላይ እንሰቅላለን። ከዚያ ቁጭ ብለን እየበላን “አባባ ግን የት ሄደው ነው?” እንባባላለን። ሽማግሌው “ልጆቼ፣ ራበኝ” ሲሉ እኔ “ይሄ ሬድዮ ደግሞ!” ብዬ እነሣና የደረታቸውን ቁልፍ ጠምዝዤ አጠፋቸዋለሁ። መጨረሻ ላይ ቤቱ ሲሸጥ ከሶፋው ጋር ተጭነው ይሄዳሉ።

ደራሲውም አዘጋጁም ሚኪያስ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሯል። “አብሰርድ ነው” ይላል። ትርጉሙ ምንድነው ስለው ትርጉም የለውም፣ ትርጉሙም እሱ ነው አለኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቀረሁ ሰው ስለሆንኩ ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ። የገባኝ ነገር ቢኖር እንደ ኮት መስቀያ መቆም ጉልበት እንደሚፈልግ ነው። የሞከርናቸው ሽማግሌዎች ሁሉ አንዱ ወገቤን፣ አንዱ ሽንቴን እያሉ ጥለውን ሄዱ። ጋሽ ሰይድ ብቻ ዘለቁ። ጋሽ ሰይድ የምንለማመድበት ወጣት ማዕከል ጥበቃ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በር ላይ ቆመው ስለኖሩ መቆም አይከብዳቸውም።

አንድ የሚኪያስ ጓደኛ ሰሜን ወሎ ውስጥ ይሠራል። ወልድያ ላይና ከመርሳ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የሀብሩ ቀበሌ ቴአትሩን እንድናሳይ ጋበዘን። ሚኪያስ የቀበሌዋን ስም ሲያነብ ጋሽ ሰይድ የያዙትን ሻይ አስቀመጡ። “እትብቴ የተቀበረው እዚያ ነው” አሉ። እናታቸው እማ ዘይነባ አሁንም በሕይወት እዚያው እንዳሉ በዚያው ነገሩን። ጋሽ ሰይድ በጎረምሳነታቸው ለአንድ አረፋ እመለሳለሁ ብለው ወጥተው፣ የሚቀጥለው አረፋ ይሻላል ሲሉ፣ የሚቀጥለው ሲመጣ ባዶ እጄን እንዴት ሲሉ፣ ጢማቸው እስኪሸብት አልተመለሱም። “አሁን ግን እሄዳለሁ። ዓይኗን አይቼ አፉ እላታለሁ” አሉን። አፉ ማለት እዚያ አገር ይቅርታ ማለት ነው።

ሰኞ

እሁድ አዲስ አበባ አድረን ሰኞ ማለዳ የወልድያውን አውቶቡስ ያዝን። ደብረ ብርሃን ለቁርስ ስንወርድ ብርዱ በጥፊ ተቀበለን። ናዝሬት ለሰኔ እንኳ የማትሰጠው ብርድ እዚህ ለቁርስ ይቀርባል። ማዳበሪያውን ፈትተን የትወና ዕቃችንን ለበስነው። ጋሽ ሰይድ የደረሳቸው ክርኑ የሳሳ ቡናማ ኮት ነበር።

“የማን ነው ይሄ?” አልኩ።

“ያባቴ” አለ ሚኪያስ ፍርፍሩን እየጎረሰ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከቤት ይዞት የወጣ ኮት መሆኑን ነገረን።

አባትየው የት እንደሆኑ ስጠይቀው በጉርሻው ወደ ኋላችን ጠቆመ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቤት፣ ብቻቸውን፣ እዚሁ ይኖራሉ። ታዲያ ሮጥ ብለህ ሰላም አትላቸውም ስለው አውቶቡሱ ይሄዳል፣ ስንመለስ አለኝ። ጋሽ ሰይድ የኮቱን እጅጌ ዳሰስ አደረጉ። “ስንመለስ ጥሩ ቃል ናት” አሉ። “ብዙ ዘመን ታገለግላለች።”

ከሰዓት በኋላ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ማዳበሪያችንን ዘርግፎ ለምን ይሄ ሁሉ ኮት፣ ነጋዴ ናችሁ ወይ አለን። ሚኪያስ ስለ ሰው ልጅ ብቸኝነት ማስረዳት ጀመረ። ፈታሹ በትዕግሥት አዳመጠውና፣ እኚህ ሰውዬስ ሥራቸው ምንድነው ብሎ ጠየቀ። እሳቸው ላይ ኮት እንሰቅላለን አልኩት፤ መቼም መዋሸት አልችልም። ጋሽ ሰይድን ፈንጠር አድርጎ ወስዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አባቴ፣ በግድ ነው?”

“በፈቃዴ ነው ልጄ።”

አላመነም። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት በኩል አንድ ሙሉ የውኃ ኮዳ ሰጣቸው፤ እኔንና ሚኪያስን ግን ዞር ብሎም አላየን።

ያደርነው ኮምቦልቻ ነው። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ለጋሽ ሰይድ የተያዘው ክፍል ፎቅ ላይ መሆኑን ስታይ፣ ሽማግሌ ደረጃ አስወጥቼ እንቅልፍ አይወስደኝም ብላ ምድር ቤት ያለውን የራሷን አልጋ ለቀቀችላቸው። ናዝሬት ብንሆን ደረጃው ለጤና ጥሩ ነው ይሏቸው ነበር።

ማክሰኞ

ለማያውቅ ሰው፣ ከደሴ ወደ ሰሜን ሲኬድ መርሳ ከወልድያ ትቀድማለች። ይህን ያወቅሁት ጋሽ ሰይድ ውጫሌን ካለፍን ጀምሮ ወሬ ሲያቆሙ ነው። መንገዱ እየሞቀ፣ ቆላው እየተገለጠ መጣ። ማሽላው ከሰው በልጦ ቆሟል። እኔ ከናዝሬት ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙቀት አግኝቼ ደስ ሲለኝ እሳቸው ቡናማውን ኮት ከማዳበሪያው አወጡ።

“መርሳ ወራጅ!” ብሎ ረዳቱ ተጣራ።

ጋሽ ሰይድ ኮቱን ከነራሳቸው ተከናነቡ።

ደረስን እኮ አልኳቸው። “እያየሁ ነው” አሉ ከኮቱ ውስጥ። አንዲት ማንጎ ሻጭ በመስኮቱ በኩል የተከናነበውን ነገር አየችና ሰውየው አሟቸው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አሳፍሯቸው ነው አልኳት። አንድ የበሰለ ማንጎ መርጣ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችና ይሻላቸዋል ብላ ሄደች። ረዳቱ “መርሳ ወራጅ የለም?” ሲል ማንም አልመለሰም። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ፕሮግራሙ በወልድያ ስለሚጀምር መውረድ አልነበረባቸውም፤ እውነት ነው። መደበቅ ግን ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም።

ሲሪንቃን ስናልፍ የግብርና ምርምር ጣቢያው ማሽላ እንደ መኪና ታርጋ ተለጥፎለት ተሰልፎ አየሁ። ያን ጊዜ ጋሽ ሰይድ ከኮቱ ወጡ።

“እናትዎ አያውቁኝም ብለው ፈርተው ነው?” አልኳቸው።

“ባታውቀኝ እንኳ ደግ ነበር” አሉ። “ብታውቀኝስ?”

ወልድያ በተራራ መሐል የተቀመጠች ከተማ ናት። ናዝሬት ባጃጅ ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይፈነጫል፤ የወልድያ ባጃጅ ግን ዳገቱን እንደ አስም በሽተኛ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ባለባጃጁ ከማዳበሪያው ጋር ተጠቅጥቀን ሲያየን፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ወጣቶቹ ወርዳችሁ ግፉ፣ አባባ ይቀመጡ አለ። ገፋን። ጋሽ ሰይድ ማንጎውን እየላጡ ከላይ ያዩን ነበር።

ረቡዕ

የወልድያው አዳራሽ በተማሪ፣ በመምህርና በመንግሥት ሠራተኛ ሞላ። ሳቁ። ኮት በሰቀልን ቁጥር ሳቁ፣ ሬድዮውን ስዘጋ አጨበጨቡ። ከቴአትሩ በኋላ አንድ መምህር ተነሥቶ ኮት መስቀያው የምን ተምሳሌት እንደሆነ ጠየቀ። ሚኪያስ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኝ ምሳውን ይረሳል። ስለ ዘመናዊ ቤተሰብ፣ ስለ መርሳት፣ ስለ ዝምታ ሲተነትን ሲተነትን ጋሽ ሰይድ እጃቸውን እንደዘረጉ ከነኮቶቹ ጀርባው ቆመው ነበር። ውረዱ ያላቸው የለም። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዲት የጽዳት ልብስ የለበሰች ሴት፣ ሰውየው ደክሟቸዋል እኮ ስትል አዳራሹ በሙሉ እሳቸውን ሳይሆን እሷን ዞሮ አየ።

ሚኪያስ ማታ እራት ላይ “ወልድያ ገብቷታል” አለ። እኔ እንጃ። እንደኔ ከሆነ ቴአትሩ የገባው የኬላው ፈታሽ ነው።

ሐሙስ

ከወልድያ መርሳ ቅርብ ነው፤ ከጋሽ ሰይድ ጋር ግን ቀኑን ፈጀብን። መጀመሪያ ለእናቴ ባዶ እጄን አልገባም ብለው ገበያ ወጡና ሻሽ ገዙ። ቀለሙ ለትልቅ ሰው አይሆንም ብለው ተመልሰው ቀየሩት። ከዚያ ፀጉር መቆረጥ፣ ከዚያ ጫማ ማስጠረግ መጣ። መናኸሪያ ስንደርስ ደግሞ ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል አንዲት እናት ትመጣለች፤ ጋሽ ሰይድ ተነሥተው ቦታቸውን ይለቁላታል። ያ ሚኒባስ ይሄዳል። ሁለተኛው ላይም አንድ መንገደኛ መጣ፤ ለሱም ለቀቁ። ሌላው ላይ ተነሥተው “ግባ ልጄ” ያሉት አንድ ከኔ የሚያንስ ጎረምሳ ሲሆን ትዕግሥቴ አለቀ። ትከሻቸውን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳቸው። ተሳፋሪዎቹ ክፉኛ አዩኝ፤ ሽማግሌ ስገፋ ነው ያዩት።

መርሳ ላይ ያረፍነው እትዬ ፋጡማ የሚባሉ ሴትዮ ቤት ነው። የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረቡልን፤ እኔ ናዝሬት እርጎን የማውቀው በኩባያ ነው። ጋሽ ሰይድ ገና ሲቀምሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“አንቱስ የየት አገር ሰው ነዎት?” አሉ እትዬ ፋጡማ።

“የናዝሬት።”

“ምላስዎ የዚህ ነው።”

ጋሽ ሰይድ ከዚያ በኋላ ያቺን ምላስ አላወጧትም። ሲጠየቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያስላሉ። እትዬ ፋጡማ ግን ሞኝ አይደሉም። ሁለተኛ ጭልፋ እርጎ ሲጨምሩላቸው “አብሽሩ፣ አገር አይናከስም” አሏቸው።

ዓርብ

ቀበሌዋ ከመርሳ ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ የማንጎና የብርቱካን ማሳ አልፈን ነው የምትገኘው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሰዉ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ባንድ በኩል፣ ሴቶቹ ባንድ በኩል፣ ትልልቆቹ ከፊት አግዳሚ ወንበር ላይ። ጋሽ ሰይድ ቶሎ ብለው ጥጋቸውን ይዘው ቆሙ። አንገታቸው ድረስ ኮት እንድንሰቅልባቸው ለመኑን፤ ፊታቸው እንዳይታይ። እናታቸው ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ከቤት እንደማይወጡ ሰው ጠይቄ ነግሬያቸው ነበር። ቴአትሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ ብለዋል። እኔ ቴአትሩ አልቆ አውቶቡስ ሲይዙ ነበር የታየኝ።

ጀመርን። አንድም ሰው አልሳቀም። ኮት ስሰቅል ሹክሹክታ፣ ተቀምጠን ስንበላ ጉርምርምታ። ጋሽ ሰይድ “ልጆቼ፣ ራበኝ” አሉ። እኔ ተነሥቼ ቁልፋቸውን ስጠመዝዝ ከሴቶቹ ረድፍ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ብድግ አለች። መድረኩ ላይ መጥታ ኮቶቹን አንድ በአንድ ከጋሽ ሰይድ ላይ አውርዳ በእጄ አሸከመችኝ።

“ያዢ። የገዛ እጅ አለሽ።”

ሌላ ሰው ዱካ አምጥቶ አረፍ በሉ አባቴ አላቸው። ሚኪያስ በጥርሱ መሐል፣ ከገጸ ባሕርይዎ እንዳይወጡ አለ። ጋሽ ሰይድ አልተቀመጡም። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር ነጭ ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ሼህ ይማም ይባላሉ፤ የአገሩ አበጋር ናቸው። አበጋር ማለት እዚያ የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ከአባት ከአያት የወረደ የሽምግልና ሰው ነው። ደም የተቃባ ሰው እንኳ አበጋር ሲነሣ መሣሪያውን ያስቀምጣል አሉኝ። እኛ የያዝነው ኮት ነበር፤ አስቀመጥነው።

“ጨዋታው ይቁም” አሉ ሼህ ይማም። “እነዚህ ልጆች ካባታቸው ይታረቁ።”

ሚኪያስ ነገሩን ያባሰው ያኔ ነው። “አባቴ፣ ይሄ ቴአትር እኮ ነው። እሳቸው አባታችን አይደሉም” አለ።

“ካደ” አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

“የካደም እናውቃለን፤ እሱም ይታረቃል” አሉ ሼህ ይማም። ከዚያ ወደ ሚኪያስ ጠጋ አሉ። “ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም ልጄ። በጨዋታም ቢሆን ሽማግሌ ቆሞ ልጅ ተቀምጦ አይበላም። ዛሬ ትስቁበታላችሁ፣ ነገ ትለምዱታላችሁ። ቁጭ በሉ።”

እኔና ሚኪያስ መሬት ላይ ቁጭ አልን። ሽምግልናው ተጀመረ። ሕጉ ከዘር ነው የሚነሣው፤ የማን ልጅ መሆኑ ያልታወቀ ሰው አይታረቅም።

“እንግዲህ አንቱ ይናገሩ። የማን ልጅ ነዎት?”

ጋሽ ሰይድ ልክ በሩ ላይ እንደሚቆሙት ቀጥ ብለው ቆሙ። ውሸት መናገር የሚችሉ መስሎኝ ነበር። ለእትዬ ፋጡማ ችለው የለ?

“የሙሔ” አሉ።

“የየትኛው ሙሔ?”

“የላይ ሰፈሩ። የዘይነባ ባል የነበረው።”

ከዚያ ያቺ ወፍራም ሴትዮ መሬት የተቀመጡትን ኮቶች ሰብስባ አነሣችና አንድ በአንድ መልሳ ጋሽ ሰይድ ላይ ሰቀለቻቸው። የመጨረሻውን ስትሰቅል ጎትታ አጠበቀችው።

“ለእናትህ ውኃ የምቀዳላት እኔ ነኝ” አለች።

ሼህ ይማም በበትራቸው ወደ እኛ አመለከቱ። “እነዚህ ነፃ ናቸው፣ ይነሡ” አሉ። ለጋሽ ሰይድ ግን አንቱታው ቀርቶ ነበር። “ሰይድ፣ ቅደም። መንገዱን ካልረሳኸው።”

አልረሱትም። ከፊት እሳቸው ከነኮቶቹ፣ እጃቸውን ማውረድ ረስተው፤ ከኋላ ሼሁ፣ ከኋላ ሴትዮዋ፣ ከኋላ ግማሽ ቀበሌ። ሚኪያስ በጆሮዬ፣ ከዚህ የሚበልጥ መጨረሻ ልጽፍ አልችልም አለኝ። ዝም በል አልኩት።

እማ ዘይነባ ከግቢያቸው ማንጎ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጠው ዶሮዎቻቸውን ይቆጣሉ። ትንሽ ናቸው፤ ጎናቸው ያለው ማሰሮ ይበልጣቸዋል። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው የመጣውን ሰልፍ አዩ።

“ምንድነው ይሄ የሚሄድ ክምር?”

“ኮት መስቀያ ነው ዘይነባ” አሉ ሼህ ይማም። “ልጆች ከናዝሬት አምጥተውት ነው።”

“ይናገራል?”

ሼሁ ወደ ጋሽ ሰይድ አዩ። ሁላችንም አየን።

“እማ” አሉ ጋሽ ሰይድ። “አፉ በይኝ።”

እማ ዘይነባ ደግፈው ሊያነሷቸው የሄዱትን በእጃቸው ገፍተው ብቻቸውን ተነሡ። ጊዜ ወሰደባቸው። ጠጋ ብለው ኮቶቹን መዳሰስ ጀመሩ፤ ግራጫውን፣ ጥቁሩን፣ ቡናማውን፣ ገበያ ሲገቡ ጨርቅ እንደሚያዩት እየገለጡ። ከሁሉም ሥር የልጃቸውን አንገት ሲያገኙ እጃቸው እዚያ ቆመ። እኔ ይመቷቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እኔ ብሆን እመታ ነበር። እሳቸው የራሳቸውን ፎጣ ከትከሻቸው አወረዱና ከሁሉም ኮት በላይ ሰቀሉት።

“መስቀያ ደጅ አይቆምም” አሉ። “ቤት ነው የሚቆመው። አይሄድም ደግሞ። ግባ።”

ጋሽ ሰይድ በሩ ዝቅ ያለ ስለነበር ጎንበስ ብለው ገቡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ግን ሰዉ ሁሉ ድንገት ዶሮዎቹን ማየት ጀመረ። እማ ዘይነባ ዞር ብለው እኔንና ሚኪያስን አዩን።

“እነዚህስ ምን ሆነው ቆመዋል? ቁጭ አትሉም?”

ቅዳሜ

ጠዋት ልንሰናበት ስንሄድ ጋሽ ሰይድ አጥር ያጥራሉ። አልመጣም አሉን። ሚኪያስ ናዝሬት ላይ የሚጠብቀን መድረክ አለ ሲላቸው “እንጨት ግዛ” አሉት። ለወጣት ማዕከሉ በር ሌላ ቋሚ እንዲፈለግ እኔ እንድናገር አደራ ሰጡኝ። ሻሹን እማ ዘይነባ አስረውታል፤ ቀለሙ ትንሽ ይጮኻል ብለው ግን ውኃ ለምትቀዳላቸው ሴትዮ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ።

ኮቶቹን እንጠይቅ ብዬ እኔ ነበርኩ የጀመርኩት። እማ ዘይነባ ክረምት ይመጣል፣ ይሁኑ አሉ፤ አለቀ። ሚኪያስ ቡናማውን ብቻ፣ የአባቴ ነው ብሎ ለመነ።

“አባትህ አሉ?” አሉት።

“አሉ።”

“እንግዲያ ሂድና ኮትዎ ሀብሩ ቀረ በላቸው። ከተቆጡህ እኔን ጥራ።”

እሁድ

ከመርሳ ያገኘነው አውቶቡስ ቅዳሜ ደሴ አሳድሮን እሁድ ጉዞ ቀጠለ። ጎኔ የጋሽ ሰይድ ቦታ ባዶ ስለነበር እትዬ ፋጡማ ለመንገድ ያሸከሙንን ማንጎ አስቀመጥኩበት። ሚኪያስ ጣርማ በርን እስክናልፍ ድረስ ቴአትሩን እንዴት እንደሚቀይረው አወራኝ። ዛፍ መጠቀም ይቻላል፣ ጭራሽ ይጠልቃል አለ። ከዚያ ብርዱ ሲጀምር ወሬውም እንደ ቀዘቀዘ አስተዋልኩ። መስኮቱን ዘጋ። ወንበሩ ላይ ዝቅ አለ። ደጋው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሲታይ የሚከናነበው ኮት ፈለገ፤ ኮት የለም፣ ሁሉም ሀብሩ ቀርቷል። ከእግሩ ሥር የኮቶቹን ባዶ ማዳበሪያ አነሣና በራሱ ላይ አጠለቀው።

አውቶቡሱ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ “ደብረ ብርሃን! ወራጅ አለ?” አለ።

ማንም አልመለሰም። ከማዳበሪያው ውስጥ ትንፋሽ እንኳ አልተሰማም።

“አለ” አልኩት። “ማዳበሪያ ያጠለቀው።”